ሞት ከእንጨት ሲጠረብ



በወጣቶች የጥናት ክፍላችን ከተነሡት ጥያቄዎች አንዱ መጀመሪያ ቀላል መስሎን ነበር። አንዲት እኅታችን ከቤተ መጻሕፍት ተውሳ ያመጣችውን ስለ አውሮፓ ጥንታዊ ጥበብ የሚናገር መጽሐፍ ገልጣ፣ ከእንጨት የተጠረበ አንድ ዐፅም አሳየችንና፣ «እነዚህ ሰዎች ክርስቲያኖች ነን እያሉ ቤታቸውን በዚህ የሚያስጌጡት ምን ነክቷቸው ነው?» አለች። ሁላችንም ሳቅን። ከሳቁ በኋላ ግን መልስ የሚሰጥ ጠፋ። ጊዜውም የሚያስቅ አልነበረም፤ ከመዘምራን አንዱ የነበረውን ወንድማችንን ቀብረን ገና አርባው አልወጣም ነበርና። ጥያቄው ተጠንቶ እንዲቀርብ ሲወሰን ዕጣው በእኛ ላይ ወደቀ። ቅርጾቹን ያየናቸው በመጽሐፍ በታተመ ሥዕል እንጂ በአካል ቆመን አለመሆኑን አስቀድመን እንናገራለን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ውጭው ከመናገራችን በፊት ስለ ራሳችን ጥቂት እንበል። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት ቅዱሳን የሚታዩት በሥዕል ነው እንጂ ተጠርቦ በቆመ ምስል አይደለም። እንጨት ጠራቢዎቻችን ጥበባቸውን ያዋሉት በመስቀሉ፣ በመንበሩ፣ በበሩና በመስኮቱ ላይ ነው። ስለዚህ ሞትን በሰው አምሳል ጠርቦ ማቆም ለዓይናችን እንግዳ ነገር ነው። አሳቡ ግን እንግዳ አይደለም። የስቅለትን ሥዕል ልብ ብሎ ለተመለከተ ሰው ከመስቀሉ ግርጌ አንዲት የራስ ቅል ትታየዋለች። የአዳም ናት። ጎልጎታ ማለት የራስ ቅል ስፍራ ማለት ስለሆነ፣ አዳም የተቀበረው በዚያ ነው የሚለው ጥንታዊ ትውፊት በምሥራቁም በምዕራቡም ክርስቲያን ዘንድ የታወቀ ነው። በአውሮፓም ከእንጨት በተጠረቡ ብዙ ስቅለቶች ግርጌ ያችው የራስ ቅል አለች። እኅታችን ያሳየችን ዐፅም የመጣበት አገር ከእኛ ሩቅ ይሁን እንጂ፣ የተነሣበት ቦታ ያን ያህል ሩቅ አልነበረም።

አውሮፓውያን ስለ ሞት እንዲህ አብዝተው መጥረብ የጀመሩት በዋዛ አይደለም። ከ1347 እስከ 1351 ባለው ጊዜ ውስጥ ጥቁር ሞት ተብሎ የተጠራው ቸነፈር በመርከብ ከወደብ ወደብ፣ ከዚያም ከከተማ ከተማ እየተላለፈ ከአህጉሩ ሕዝብ ሢሶውን፣ እንደ ብዙ ሊቃውንት ግምትም ከዚያ በላይ ጨረሰ። ቀባሪ ያጣ መንደር ነበር። ቸነፈሩም አንድ ጊዜ መጥቶ የቀረ አይደለም፤ ለ3 መቶ ዓመታት ያህል በየትውልዱ እየተመላለሰ መጣ። በዚህ መካከል «መሞትህን አስብ» የሚለው የላቲን አባባል ስብከት ብቻ መሆኑ ቀርቶ በግድግዳ ላይ የሚሣል፣ በእንጨት የሚጠረብ፣ በመቁጠሪያ ላይ የሚንጠለጠል ነገር ሆነ። በ1424 እና 1425 በፓሪስ ከተማ በአንድ መካነ መቃብር ግድግዳ ላይ «የሞት ጭፈራ» ተሣለ። ሙታን ሕያዋንን እጅ ለእጅ ይዘው ይጨፍራሉ፤ ከፊት ጳጳሱና ንጉሠ ነገሥቱ፣ ከኋላ ገበሬውና ሕፃኑ። እንዲህ ያለው ሥዕል በስዊስ አገር በባዝል ከተማም በ1440 ገደማ በዶሚኒካውያን ገዳም መቃብር ቅጥር ላይ ተሥሎ እስከ 1805 ድረስ ቆይቷል። ይህን የባዝሉን ግድግዳ አንባቢ በልቡ ያቆይልን፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ከዚህ በኋላ ወደ እንጨቱ እንገባለን። በደቡብ ጀርመን ሊንደን የሚባል ዛፍ አለ። እንጨቱ ለስላሳ ስለሆነ መሮ በወደደው አቅጣጫ ይታዘዝለታል። የዚያ አገር ጠራቢዎች በ15ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻና በ16ኛው መጀመሪያ የሠሩት አብዛኛው ሥራ ከዚሁ ነው። በቪየና ቤተ መዘክር ከሚገኙት አንዱ፣ የኡልም ከተማው ጠራቢ ሚሸል ኤርሃርት እንደ ሠራው የሚነገርለት፣ ቁመቱ ግማሽ ሜትር የማይሞላ ቅርጽ ነው። ሦስት ሰዎች ጀርባ ለጀርባ ተጣብቀው ቆመዋል፤ አንድ ጎበዝ፣ አንዲት ቆንጆና አንዲት አሮጊት። የጎበዙና የቆንጆዪቱ ገላ የተስተካከለና የቀለመ ነው። የአሮጊቷ ቆዳ ተሸብሽቧል፣ ሥጋዋ ከአጥንቷ ተለይቶ ተንጠልጥሏል። ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ማየት አይቻልም። ያማረውን እያዩ ቅርጹን በእጅ ሲያዞሩት ነው አሮጊቷ ድንገት የምትመጣው። ጠራቢው ስብከቱን ያስቀመጠው በፊታቸው ላይ ሳይሆን በመዞሩ ላይ ነው። ይህን ስንረዳ፣ እውነቱን ለመናገር፣ መጽሐፉን ለጥቂት ጊዜ ከድነን ተቀመጥን። ቅርጹ ዛሬ የሚጠራው ከንቱነት በሚል ስም ነው፤ ስሙም ከመጽሐፈ መክብብ የመጣ መሆኑን አንባቢ ሳይነግሩት ያውቃል።

እኅታችን ያሳየችን ዐፅም ግን ሌላ ነው። ጀርመኖች «ቶድላይን» ይሉታል፤ በአማርኛ «ትንሹ ሞት» እንደ ማለት ነው። ሞትን እንደ ሕፃን አቆላምጠው ሲጠሩት ለጆሮ ይገርማል። ከቶድላይኖቹ ሁሉ ስሙ የገነነው የላንድስሁት ከተማው ጠራቢ ሃንስ ላይንበርገር በ1520 ገደማ ፒር ከሚባለው የፍሬ ዛፍ እንጨት የሠራው ነው። ቁመቱ ከአንድ ስንዝር እምብዛም አይበልጥም። ፍጹም ዐፅም አይደለም፤ ቆዳው እንደ አሮጌ ጨርቅ ተቀዳዶ ከጎድኑና ከጉልበቱ ላይ ተንጠልጥሏል፣ በእጁም ቀስት ይዟል። የሚገኘው ኢንስብሩክ አጠገብ በአምብራስ ግንብ ነው። ይህ ግንብ የኦስትሪያው መስፍን ዳግማዊ ፈርዲናንድ በ16ኛው ምዕት ዓመት ከየአገሩ የተሰበሰበ ብርቅ ዕቃ ያከማቸበት ነው።

እዚህ ላይ የራሳችንን አሳብ ሳንደብቅ እንናገር። የላይንበርገር እጅ የሚደነቅ ነው፤ ያን የመሰለ ቆዳ ከእንጨት ማውጣት ለማንም የሚቻል አይደለም። ነገር ግን አንድ መስፍን ከአዞ ቆዳና ከዛጎል ጽዋ መካከል ሞትን አስቀምጦ ለእንግዳ ሲያሳይ ስናስበው፣ ሞት አሻንጉሊት የሆነ መሰለን። የሞት ምስል ብቻውን ሲቆም ወይ ያስፈራል ወይ ያጫውታል፤ ከዚያ የሚያልፍ ነገር አያደርግም። የእኅታችንም ጥያቄ የመጣው ከዚህ ይመስለናል። ደግሞ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። በዚያ ዘመን አንዳንድ ጠራቢዎች በሬሳው ላይ ትልና እንቁራሪት ጨምረው ይቀርጹ ነበር። የተቀረጸው ትል ማንንም አይበላም። በእንጨቱ ውስጥ የሚገባው ነቀዝ ግን ከሊንደን የተሠራውን ቅዱሱንም ዐፅሙንም ሳይለይ ወንፊት አድርጎታል። የቤተ መዘክር ሠራተኞች እስከ ዛሬ የሚታገሉት ከእርሱ ጋር ነው።

በዚያው ዘመን በሆላንድና በቤልጅግ አገር ደግሞ ቦክስ ከሚባለው ቁጥቋጦ ጠንካራ እንጨት ዋልነት የሚያህሉ የጸሎት ኳሶች ይጠረቡ ነበር። ኳሷ በማጠፊያ ትከፈትና በውስጧ ስቅለቱ ወይም የመጨረሻው ፍርድ፣ ብዙ ሰው የተሰበሰበበት ሆኖ ይታያል። አንዳንዱ ሰው ከስንዴ ቅንጣት አይበልጥም። በቅርብ ዓመታት ሊቃውንት በራጅ መሣሪያ ሲመረምሯቸው፣ ቅርጹ ከአንድ እንጨት ያልተፈለፈለ፣ ይልቁንም ሥሥ ሽፋኖች እየተደራረቡ በዓይን በማይታዩ ችንካሮች የተያያዙበት ሆኖ አገኙት። ይህም ለባለጸጋ የተሠራ ነው፤ አልፈነው እንሂድ።

ለድኃውም ለባለጸጋውም እኩል የቆመ ሞት ከፈለግን ወደ ባቫርያ፣ ወደ አልትኤቲንግ ከተማ መሄድ አለብን። በዚያ ባለ አንድ ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከወለል ወደ ላይ ረጅም ሆኖ የተሠራ ሰዓት አለ። በአናቱም ላይ ከእንጨት ተጠርቦ ብር የተለበጠ፣ ቁመቱ ግማሽ ሜትር የሚሆን ዐፅም ቆሟል። በእጁ ረጅም እጀታ ያለው ማጭድ ይዟል፤ ሰዓቱ በመታ ቁጥር ማጭዱን ወዲህና ወዲያ ያወዛውዛል። ታሪኩ የሚያያዘው ከ1634ቱ ቸነፈር ጋር ነው። ያ ጊዜ የ30 ዓመት የተባለው ጦርነት አገሩን ያጠፋበት፣ ረኃብና በሽታም የተከተሉበት ዘመን ነበር። የአገሩ ሰዎች ማጭዱ በተወዛወዘ ቁጥር በዓለም ላይ አንድ ሰው ይሞታል ይላሉ። እኛም ተማሪዎች ነንና እርሳስ ይዘን አሰላነው። በዛሬው ዓለም በዓመት 60 ሚሊዮን ገደማ ሰው ያርፋል፤ ዓመቱ ደግሞ 31 ሚሊዮን ተኩል ሴኮንድ አለው። በየሴኮንዱ ወደ ሁለት ሰው መሆኑ ነው። እንግዲህ ያ ዐፅም የሚያጭደው በየሴኮንዱ ከሆነ ሥራው ወደ ኋላ ቀርቶበታል ማለት ነው። ይህን ስሌት በጥናቱ ላይ ስናቀርብ ከፊሉ ሳቀ፤ ከፊሉ ሰዓቱን አየ።

አሁን ወደ ባዝል እንመለስ፤ የምንወደው ሥራ ያለው እዚያ ነውና።

ሃንስ ሆልባይን የተባለው ጀርመናዊ ሠዓሊ በወጣትነቱ ወደ ባዝል መጥቶ ይኖር ነበር። ያን የመቃብር ግድግዳ በየጊዜው አይቶታል። ከ1523 እስከ 1526 ባሉት ዓመታት ውስጥ እርሱም የራሱን የሞት ሥዕሎች ነደፈ። ለግድግዳ አልነበረም፤ ለእንጨት ማኅተም እንጂ። ሥራው እንዲህ ነው። ሠዓሊው በተላገ የእንጨት ገበታ ላይ ይነድፋል። ጠራቢው ደግሞ ጥቁር ሆኖ መታተም ያለበትን መሥመር ብቻ አስቀርቶ ሌላውን ሁሉ በቢላና በመሮ ይፈነቅለዋል። ከፍ ብሎ የቀረው መሥመር ቀለም ተቀብቶ ወረቀት ሲጫነው ሥዕሉ ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ሆኖ ይወጣል። አንድ መሥመር በስሕተት ከተቆረጠ አይመለስም። የሆልባይን ሥዕሎች ቁመታቸው 6 ተኩል፣ ወርዳቸው 5 ሳንቲሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ከክብሪት ሣጥን ጥቂት ከፍ ይላሉ። በዚያች ላይ ቤቱም፣ ተራራውም፣ የሰዎቹም ፊት አለ። ይህን የጠረበው ሃንስ ሉትዘልቡርገር የሚባል ሰው ነው። ስለ ሆልባይን የተጻፈው መጽሐፍ መደርደሪያ ይሞላል፤ ስለ ሉትዘልቡርገር የሚታወቀው ግን ጥቂት ነው።

(የእንጨት ማኅተም ወደ እኛም አገር መድረሱን በዚሁ አጋጣሚ እንጥቀስ። በሮማ ከተማ በ1590 እና 1591 የታተመው የዐረብኛ ወንጌል በእንጨት በተቀረጹ ሥዕሎች ያጌጠ ነበር። መጽሐፉ ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ በጎንደር ዘመን ሠዓሊዎቻችን ለብራና ሥዕሎቻቸው አርአያ አድርገውታል። የሆልባይን ግን አልመጣም።)

የሆልባይን ሞት ብቻውን ቆሞ አይታይም። ሁልጊዜ ከሰው ጋር ነው፤ ያም ሰው ሥራ ላይ ነው። የቀደመው የግድግዳ ሥዕል ሁሉንም በአንድ ጭፈራ አሰልፎ ነበር፤ ሆልባይን ጭፈራውን በትኖ ሞትን ወደ እያንዳንዱ ቤት ላከው። መጀመሪያ አዳምና ሔዋን ከገነት ሲባረሩ ሞት በገና ቢጤ እየመታ ከፊታቸው ይሄዳል። አዳም መሬት ሲቆፍር አጠገቡ ሆኖ አብሮ ይቆፍራል። ከዚያ ወዲህ ያሉት ሁሉ በመዓርጋቸው ይመጣሉ። ንጉሡ ማዕድ ላይ ተቀምጧል፤ ሞት እንደ አሳላፊ ሆኖ ይቀዳለታል። ሐኪሙ ክፍል ውስጥ ሞት ራሱ ታማሚውን ይዞ ይገባል። ኮከብ ቆጣሪው ሰማይን ይመረምራል፤ ሞት የራስ ቅል አቅርቦ ይህንንስ መርምር ይለዋል። በጀርባው ሸቀጥ አዝሎ የሚዞረው ነጋዴ ወደሚቀጥለው ገበያ ይቸኩላል፤ ሞት እጅጌውን ይጎትተዋል። ባለጸጋው በብረት ፍርግርግ በታጠረ ክፍል ገንዘቡን ሲቆጥር ሞት እርሱን ትቶ ገንዘቡን ያነሣል። ባለጸጋውም የሚጮኸው ለነፍሱ ሳይሆን ለገንዘቡ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ግን በዳኛው ላይ ቆየን። ዳኛው በወንበሩ ተቀምጧል። በአንድ ወገን ባለጸጋው እጁን ከከረጢቱ ከቷል፤ በሌላው ወገን ድኃው ቆሞ ይጠብቃል። የዳኛው እጅ ወደ ባለጸጋው ተዘርግቷል። ሞት በዚያች ደቂቃ ከኋላው ደርሶ የዳኝነት በትሩን ይነጥቀዋል። ቀጥሎ ያለው ጠበቃም እንደዚሁ ነው፤ መንገድ ላይ ከባለጉዳይ ገንዘብ ሲቀበል ሞትም ከራሱ ይጨምርለታል፣ ድኃው ከበስተኋላ እጁን አጣምሮ ያያል። የከተማው ሹም ደግሞ ከአንድ መኳንንት ጋር ይነጋገራል፤ ድኃ ከኋላ ትከሻውን ይነካዋል፤ አይዞርም። አንድ ርኩስ መንፈስ በወናፍ በጆሮው ይነፋበታል፣ ሞትም የአሸዋ ሰዓት ይዞ ከእግሩ ሥር ተጋድሟል። ሥዕሎቹ በተነደፉበት ወራት፣ በ1525፣ የጀርመን ገበሬዎች በጌቶቻቸው ላይ ተነሥተው በብዙ ሺሕ የሚቆጠሩት ተፈጅተዋል። ሆልባይን ከማን ወገን እንደ ነበረ አንፈርድም፤ ትከሻውን የተነካውን ሹም ግን ያላየውን አልሣለም።

እዚህ ላይ ስለ ወንድማችን መናገር ግድ ሆነብን።

ወንድማችን ሁለት ወር ያህል ታሞ ተኝቶ ነበር። መታመሙን ሰምተናል። መጀመሪያ «ፈተና ይለፍ» አልን። ፈተናው ሲያልፍ «የበዓሉ ዝግጅት ይለቅ» አልን፤ ለበዓሉ የምናጠናው ወረብ ነበርና፣ ከበሮውን ይመታ የነበረው እርሱ ስለሆነ ሌላ ሰው ማለማመድም ነበረብን። በሦስተኛው ሳምንት «እሑድ ሁላችንም አንድ ላይ እንሄዳለን» ብለን ተስማማን። እሑድም ሄድን፤ የሄድነው ግን ነጠላችንን አዘቅዝቀን ለቀብር ነው። ከቀብር መልስ እናቱ ውኃ እያስታጠቡን፣ ያለ ምንም ቁጣ፣ «ልጆቼ፣ ስም ስማችሁን እየጠራ ይጠይቀኝ ነበር፤ ፈተና ላይ ናቸው እለው ነበር» አሉን። ማንም ቀና ብሎ ያያቸው አልነበረም። ያን የከተማ ሹም በመጽሐፉ ውስጥ ስናገኘው የተሣለው በጥንት ዘመን ሰው ልብስ ነበር። ትከሻውን ግን አወቅነው።

በጥናታችን ላይ አንድ ወንድም ተቃውሞ አቅርቦ ነበር፤ ሳንጠቅሰው ብናልፍ በደል ይሆናል። «ወጣትን ስለ ሞት ማስጠናት ልቡን ይሰብረዋል፤ ትምህርቱንና ሥራውን ያስንቀዋል» አለ። ተቃውሞው እውነትነት አለው። ቶድላይኑን ወይም ማጭደኛውን ብቻ ይዞ ለሚኖር ሰው እንዲያ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ወንድም ያሳየነው መልስ በቃል ሳይሆን ከዚያው ከሆልባይን ያገኘነው የገበሬው ሥዕል ነው። ገበሬው ሽማግሌ ነው፤ ልብሱ ተቀዳዷል፤ በአራት ፈረሶች ያርሳል። ሞት ከፈረሶቹ ጎን እየሮጠ በጅራፍ ይነዳለታል። እንደ ሌሎቹ አይጎትተውም፣ ምንም አይነጥቀውም። ትልሙ ወደ ማለቁ ተቃርቧል። ከተራራው በላይ አንዲት ቤተ ክርስቲያን ትታያለች፤ ከበስተጀርባዋም ፀሐይ ጨረሯን ዘርግታ ትጠልቃለች። በ41ዱ ሥዕሎች ውስጥ እንደዚህ ያለ ሰፊ ሰማይ ያየነው በዚህ ብቻ ነው። ወንድማችን ሥዕሉን አየና፣ «ይህ ሰውዬ ሥራውን አልናቀም» አለ። ከዚያ በላይ አልተከራከርንም።

ሕፃኑ የሚወሰድበት ሥዕል ግን እንዲህ አያጽናናም፤ እንደሚያጽናና አድርገን ብናቀርበው ውሸት ይሆንብናል። በፈረሰ ጎጆ ውስጥ እናት በእሳት ላይ ድስት ጥዳለች። ሞት ትንሹን ልጅ በእጁ ይዞት ይወጣል፤ ልጁ ወደ እናቱ ዞሮ እጁን ይዘረጋል። ከዳኛውና ከባለጸጋው በኋላ ይህ ለምን መጣ ብለን ብዙ ተነጋገርን። ሕፃኑ ምን በደለ? ሠዓሊው ምንም አልመለሰም። ቸነፈር ባለበት አገር ይህ በየቤቱ የሆነ ነገር ስለ ነበረ ሥዕሉን መተው አልቻለም እንጂ ሊያስተምርበት የፈለገ አይመስለንም።

በቁርባን ሥዕሉም ላይ አንድ ቃል እንበል። ካህኑ ሥጋ ወደሙን ይዞ ወደ ታማሚ ቤት ይሄዳል። ከፊቱ ፋኖስና ቃጭል ይዞ መንገድ የሚመራው ዲያቆን መሆን ነበረበት፤ ሞት ነው። ለታማሚው የሄደውን ካህን ሞት ቀድሞ አገኘው። ከዳኛው ጋር የሚያመሳስለው ነገር የለም፤ ይህኛው በመንገድ ላይ ነበር።

ሉትዘልቡርገር ሥራውን አልጨረሰም። በ1526 ሞተ። የጠረባቸው እንጨቶች በሊዮን ከተማ ወደሚገኙት አታሚዎች፣ ወደ ትሬክሰል ወንድማማቾች ሄዱ፤ በመጽሐፍ ታትመው የወጡትም ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ1538 ነው። በመጽሐፉ ላይ የሆልባይንም የጠራቢውም ስም አልተጻፈም። በመቅድሙ ግን እንዲህ ያለውን ሥራ የሠራው እጅ በሞት መቀደሙ በኀዘን ይነገራል፤ ሳይጨርስ ከተዋቸው መካከልም ጋሪው የተገለበጠበት ሰው እንደሚገኝ ተጠቅሷል። ሊቃውንት ይህ የሚያመለክተው ሉትዘልቡርገርን ነው ይላሉ፤ ሆልባይን በዚያን ጊዜ በሕይወት ነበርና። እርሱም በ1543 በለንደን ሞተ፤ በቸነፈር እንደ ሆነ ይታመናል። የጋሪው ሰው ሥዕልና ሌሎችም የቀሩት ከዚያ ወዲህ በወጡ እትሞች ተጨመሩ። በባዝል በ1529 የተሐድሶ ሰዎች ተነሥተው በአብያተ ክርስቲያናት የነበሩትን የእንጨት ምስሎች ብዙዎቹን አቃጥለዋል። በጠባብ እንጨት ላይ የተጠረበው የሉትዘልቡርገር ሥራ ግን በወረቀት ተባዝቶ በየአገሩ ስለ ተበተነ ሊያጠፋው የቻለ አልነበረም።

ሉትዘልቡርገር ስሙን ያስቀመጠው በአንድ ቦታ ነው። የመስፍኑ ባለቤት በአልጋዋ ላይ ሳለች ሞት ልብሷን ሲገፍፍባት የሚያሳይ ሥዕል አለ። ብዙ ሰው የሚያየው ሞትን ነው። ከአልጋው ግርጌ ባለው እንጨት ላይ ግን የስሙ የመጀመሪያዎቹ ሁለት የላቲን ፊደላት በጥቃቅን ተቀርጸዋል። አጉሊ መነጽር ከፊዚክስ ክፍል ተውሰን ነው ያየናቸው። እንጨት ጠራቢ ነበርና በእንጨቱ ላይ ጻፈው።

ጥናቱ በዚህ አበቃ። ከመዘምራን አንዲት እኅታችን ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ታማ በቤቷ ተኝታለች። ሐሙስ ከሠርክ ጸሎት በኋላ ልንጠይቃት እንሄዳለን። ፈተና ያለበትም መጻሕፍቱን ይዞ መምጣት ይችላል፤ በመንገድ ላይ ያነባል። የምንገናኘው በምሥራቁ በር ነው።